የሌሊሳ ቪዛ

የሌሊሳ ቪዛ የመጣው ሌሊሳ ከተቀበረ በኋላ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ይርጋለም የልጃቸውን ስልክ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ቻርጅ እያደረጉ ከራስጌያቸው ያስቀምጡት ነበር። የሚደውልለት ሰው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ፤ እሳቸው ግን ስልኩ እንዲዘጋ አልፈለጉም። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ድንገት ጮኸና ትኩስ ነገር እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው ይዘውት ወደ ሳሎን መጡ።

"ሄራኔ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ። እንግሊዝኛ ነው።"

ሄራን የምሳውን ሰሃን እያነሳች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችና ቆማ አነበበች። ከዚያ ቁጭ ብላ እንደገና አነበበች።

"ምን ይላል?" አሉ አማቷ።

"ቪዛው ተፈቅዷል ይላል፣ እማዬ። መልካም ጉዞ ይላል።"

"ያንቺ?"

"የእኔማ ክረምት ሳይጠነክር ነው የመጣው። ይሄ የእሱ ነው።"

ከጽሑፉ ግርጌ ፎቶው አለ። ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ በደንብ እየታዩ ፊት ለፊት ያያል። ወይዘሮ ይርጋለም ስልኩን መልሰው ወሰዱና መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

"አልሰሙማ" አሉ ቀስ ብለው። "ማን ይነግራቸዋል?"

ሌሊሳ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ከጉለሌ ብዙም ሳይርቅ የዓለምን ውቅያኖሶች ሁሉ ሲያስተምር ኖሯል። ባሕር በቀን ውስጥ ወደ ምድር እየመጣ እንዴት እንደሚመለስ፣ ጨረቃ እንዴት እንደምትስበው፣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳለ ሲያስረዳ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ እርስዎ ግን ባሕር አይተው ያውቃሉ?" አለችው። አላውቅም አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ማታ ግን እራቱን ሳይጨርስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤቱ ወሬ ሁሉ ዛንዚባር ሆነ።

ነገር ሲያዘጋጅ እንደ እሱ የሚጠነቀቅ ሰው ሄራን አይታ አታውቅም። ፓስፖርት ከጉዞው በኋላም ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት፣ እዚያ ያለው የመብራት ሶኬት የእኛን ሶኬት እንደማይመስል፣ ፀሐይዋ ቆዳ እንደምትልጥ፣ ክትባቱ ከመሄዳቸው አስቀድሞ መወሰድ እንዳለበት፣ ሽንኩርት እየከተፈች ሁሉ ይነግራታል። እሷ በጉለሌ እጽዋት ማዕከል የችግኝ ክፍል ውስጥ ትሠራ ነበርና ከእንጦጦ ጭቃ የራቀ ነገር አላማራትም። የተስማማችው ደስታውን አይታ ነው።

የእሷ ቪዛ ወዲያው መጣ። የእሱን ግን ፎቶው ልክ አይደለም ብለው መለሱት። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነጭ ግድግዳ ፊት ስለተነሳ ጭንቅላቱ ብቻውን የተንሳፈፈ ይመስል ነበር። ያን ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በማግስቱ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ ገዛ፣ ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ሄዶ ተነሳ። ፎቶ አንሺው እዚያው በኮምፒውተር ላከለት።

ሲወጣ ዝናብ ነበር። ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ወንበር ጥግ መስኮቱን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ሂሳቡንም ከፈለ። መውረድ የነበረበት ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ በፊት ነበር። አልወረደም። አዲሱ ገበያ ላይ ሰዉ እየተጋፋ ወረደ፣ ዝናብ የሸሸው ሌላው ሰው ደግሞ እየተጋፋ ገባ፤ ረዳቱም ጥግ ላይ ያንቀላፋውን ሰውዬ አሁን ከገቡት አንዱ መሰለው። ታክሲው ፒያሳ ደርሶ ተመለሰ። እንደገና ደርሶ ተመለሰ። ሄራን የት ቀረ ብላ ትደውል ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል፤ አጠገቡ የተቀመጡት "ወንድም፣ ስልክህ" ይሉታል፤ መልስ ሲያጡ ትተውት ይወርዳሉ። በመጨረሻ የአንዲት ሴት እጅ እጁን ነካው።

ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። የት ጋ እንደሞተ ግን ማንም ሊነግራት አልቻለም። ሄራንን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይሄ ነበር። ሌላው ሰው አልጋው ላይ ሞተ፣ እርሻው ላይ ሞተ፣ መንገድ ዳር ወድቆ ሞተ ይባላል። የእሷ ባል ከፒያሳ እስከ አዲሱ ገበያ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ነው የቀረው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር ታክሲ ተሳፍራ አታውቅም። በእግሯ ትሄዳለች፣ ወይም ትቀራለች።

"ቲኬቱስ?" አሉ ወይዘሮ ይርጋለም፣ መልእክቱ በመጣበት ቅዳሜ ማታ።

"አለ። የሁለታችንም አለ። እስካሁን አላሰረዝኩትም።"

"ያንቺን አታሰርዢ።"

"እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? ባሏ አፈር ሳይደርቅበት ሽርሽር ሄደች አይሉም?"

"ሰው የፈለገውን ይበል። እኔ ነኝ እናቱ።" ወይዘሮ ይርጋለም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ቀጠሉ። "ባሕር ባሕር እያለ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ ነው የከረመው። ምን እንደሆነ አይቶ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሂጂ።"

ሄራን ሰኞ ዕለት ዝግጅቱን እሱ ካቆመበት ቀጠለች።

መጀመሪያ የሄደችው አዲሱ ገበያ፣ ሳቢት ሱቅ ነው። ሳቢት ሻንጣና ቦርሳ ይሸጣል፤ ሌሊሳ ሁለቱን ሻንጣዎች የገዛው ከእሱ ነበር፤ ሲገዛም ዋጋ ሲከራከሩ ቆይተው ወዳጅ ሆነው ነው የተለያዩት። ሳቢት አባቱ ታመውበት ክረምቱን በሙሉ ወራቤ ከርሟል። የሌሊሳን ነገር አልሰማም። ሄራን ይህን ያወቀችው ገና ከበሩ ስትደርስ በሰጣት ፈገግታ ነው። እንዴት ብላ እንደምትነግረው ስታስብ እሱ ቀደማት።

"ለጓጉንቸሩ ነው አይደል የመጣሽው? አልገባልኝም እኮ። ለባለቤትሽም ትናንት ነግሬዋለሁ።"

"ለማን?"

"ለሌሊሳ። ትናንት ከሰዓት መጥቶ ነበር። በቁጥር የሚከፈተውን፣ ለሁለቱም ሻንጣ የሚሆን አምጣልኝ ብሎኝ ነበር እኮ ድሮ። የሚቀጥለው ሳምንት አልኩት፤ እሺ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።" ሳቢት ከላይ የተሰቀለ ቦርሳ በዘንግ እያወረደ ነበርና ፊቷን አላየም። "ዝናብ መቶት ነበር። ግባ ተጠለል ብለው እምቢ አለኝ። የሚቸኩል ይመስላል።"

ሄራን መደርደሪያውን ያዘች። ትናንት ዝናብ አልነበረም። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ከጠራ ሰነባብቷል።

"ሌላስ ምን ነገረህ?" አለች፣ ድምጿ የራሷ አልመስል እያላት።

"ምንም። ሻንጣው ተመቻት ወይ አልኩት፤ ገና አልሞላችውም አለኝ።"

እውነት ነበር። ሻንጣዋ ባዶውን አልጋ ሥር ነው ያለው። አመስግናው ወጣች። ሞቷል የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ቀረ፤ ለሳቢት አዝና ይሁን፣ ወይስ ቃሉን ስትለው የሆነ ነገር እንዳይቋረጥባት ፈርታ፣ ለራሷም ግልጽ አልሆነላትም። ከሌላ ሰው ጋር አምታቶት ነው፣ ደንበኛ ይበዛበታል እያለች ሽቅብ ወደ ሥራዋ ተጓዘች። ያን ቀን ሙሉ ችግኝ ስታዛውር ዋለች።

ለቢጫ ወባው ክትባት ጤና ጣቢያ የሄደችው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። አግዳሚው ላይ ተራዋን ስትጠብቅ ቆይታ ስሟ ተጠራ። መርፌ የምትወጋዋ ሲስተር መነጽር ያደረገች፣ ጠና ያለች ሴት ናት። ፓስፖርቷን አገላብጣ አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ነይ፣ ቁጭ በይ። ቀስ ብዬ ነው የምወጋሽ፣ አይዞሽ።"

"ያውቁኛል?"

"ባለቤትሽ ነግሮኛል። ሚስቴ መርፌ ትፈራለች፣ እያየች አትውጓት፣ ወሬ እያወራችሁ ውጓት አለኝ።" ሲስተር ክንዷን በጥጥ ጠረገችው። "እሱንም ልከትበው ብዬ ፓስፖርት ስለው አልያዝኩም አለ። መቼም ወንዶች ስትባሉ ብዬ ሳቅኩበት። ይዞ ይምጣ፤ ያለ ቢጫ ካርድ ሊያስቸግሩት ይችላሉ።"

"መቼ ነው የመጣው?"

"ዛሬ ጠዋት፣ ገና ስንከፍት። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ ዘለግ ያለ። አይደለም?"

ሄራን መርፌው መቼ እንደገባ አላወቀችም። መርፌ መፍራቷን ከሌሊሳ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እናቷ እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ተማሪ ሳለች በትምህርት ቤት ክሊኒክ ውስጥ ራሷን ስታ መውደቋን ለእሱ የነገረችው በተጋቡ ሰሞን ነበር፤ ማንም አይስማ ብላ አስምላውም ነበር። ቢጫ ካርዷን ይዛ ወጣች። የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ ግራና ቀኝ አየች። አላፊ አግዳሚ፣ ሙዝ የጫነ ጋሪ፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች። ማንን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ብታገኘው ምን እንደምትሆን ግን አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ ይርጋለም የጉዞ ቀሚሷን እየተኮሱላት ነበር።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። አይቆጡኝ።"

ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳቢት ያለውን፣ ሲስተር ያለችውን፣ ሸሚዙን። ወይዘሮ ይርጋለም ካውያውን ሳያቆሙ አዳመጧት። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ሲመልሱ ሄራን ብዙ ጊዜ አይታለች።

"የሞተ ሰው ከሻንጣ ነጋዴ ጋር ቆሞ አያወራም" አሉ። "ልጄ ጌታ ጋ ነው።"

"እኔም የማምነው እንደዚያ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው የምትዪኝ?"

"መርፌ እንደምፈራ ማን ነገራት ነው የምለው።"

ወይዘሮ ይርጋለም ካውያውን አቁመው ሶኬቱን ነቀሉት። የቀሚሱን እጅጌ በመዳፋቸው ደጋግመው አስተካከሉ።

"ለጸሎት ቡድኑ እንዳትናገሪ" አሉ በኋላ። "እናውቃቸዋለን እኮ። ተሰብስበው ይመጡና በቤቱ አራት ማዕዘን ቆመው ውጣ ይሉታል። ልክ ናቸው፤ እኔም በሰው ቤት ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ግን ልጄን ውጣ ሲሉት ቆሜ መስማት አልችልም።"

ቀሚሱን አጥፈው ለሄራን ሰጧትና ወደ ጓዳ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆሙ።

"ከስቷል አሉ?"

"አላሉም፣ እማዬ። እንደዚያ ያለ የለም።"

"እሺ" አሉና ገቡ።

ከዚያ በኋላ ሄራን በሄደችበት ሁሉ ቀድሟት የደረሰ ይመስላት ጀመር። የወባ መከላከያ ኪኒን ልትገዛ ፋርማሲ ስትገባ ሻጯ "ለስንት ሰው?" ብላ ስትጠይቃት ደነገጠች፤ ሻጯ ግን ሁሉንም ሰው የምትጠይቀው ይሄንኑ ነበር። አዳፕተር የሚሸጠው ልጅ "ይሄንን ነው የፈለጋችሁት?" ሲላት "እኛ እነማን ነን?" አለችው፤ ልጁ ግራ ተጋብቶ አያት። ቤት ውስጥ ሻንጣዋን ስትሞላ ደግሞ ሌላው ነገር ይመጣል። እሱ ያስተማራትን እያስታወሰች ጫማ ከታች፣ ልብስ ተጠቅሎ፣ ፈሳሽ ነገር በላስቲክ፣ ታስቀምጥና ዞር ትላለች፤ ስትመለስ ግማሹን ቦታ ባዶ ትታው ታገኘዋለች። ማንም አልነካውም። እጇ ነው፣ ሳታስበው ለሁለት ሰው ከፍሎ የሚያስቀምጠው። የእሱን ቲኬት እንዲሰርዙ ለቲኬት ቢሮው መንገር ነበረባት። ነገ፣ ነገ እያለች አሳደረችው።

የቀረው ዶላር ነበር። ባንኩ ፒያሳ ነው፤ ፓስፖርቷን፣ ቪዛዋንና ቲኬቷን ይዛ ከጉለሌ ቁልቁል በእግሯ ወረደች። ጉዳዩ ብዙ አስቆማት። ስትጨርስ ሰማዩ ድንገት ጠቁሮ የመስከረም መጨረሻ ሳይሆን የሐምሌ ሰማይ መስሏል። ደጁ ላይ እንደቆመች ዝናቡ ወረደ። ሊያባራ ይችላል ብላ ጠበቀች፤ አላባራም። ሰዉ እየሮጠ ወደ ታክሲዎቹ ይጎርፋል። ረዳቱ "አዲሱ ገበያ፣ አዲሱ ገበያ፣ የሞላ" እያለ ይጣራል። ዶላሩን በጡቷ ሥር አስገብታ፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ሮጠችና ገባች።

የቀረው ቦታ ከኋላ ነው። ሰው እያስጠጋት፣ ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨች ደርሳ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ነው ቀኝ ጎኗን ያየችው።

ሰውዬው መስኮቱን ተደግፎ ተኝቷል። ፊቱ ወደ መስታወቱ ዞሯል። የሚታያት አዲስ የተቆረጠ ማጅራቱ፣ አንድ ጆሮው፣ የጥቁር ሰማያዊ ሸሚዙ ኮሌታ ነው። ኮሌታው ከሱቅ ሲወጣ የነበረበት እጥፋት ገና አልለቀቀም። ያን ኮሌታ ታውቀዋለች። ሆስፒታሉ በላስቲክ አድርጎ የሰጣት ልብስ መሃል ነበር።

አልጮኸችም። ቆይታ እንዳስታወሰችው፣ መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት ሳይሆን የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ሰው ያለ ጥንቃቄ ነው፤ ሰውነቷን ሰብስባ ትከሻዋ ትከሻውን እንዳይነካ ተጠነቀቀች። ፍርሃቱ የመጣው ቆይቶ ነው፣ ከእግሯ ጀምሮ። መስኮቱ በሰዉ ትንፋሽ ታፍኖ ነጭ ሆኗል። ከእሱ አፍ ፊት ያለው መስታወት ግን ጥርት ብሎ የውጭው ዝናብ ይታይበታል።

ታክሲው ሽቅብ ማዝገም ጀመረ። የፊቶቹ ስለ ጎርፉ ያወራሉ፤ ሬዲዮው ስለ ኳስ ያወራል። ሄራን ወደ ፊት እያየች፣ ከንፈሯን ብዙ ሳታንቀሳቅስ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

"ቪዛህ መጣ" አለችው። "ፎቶው ልክ ነው። ጆሮህ ሁለቱም ይታያል።"

አልተንቀሳቀሰም።

"ክትባቱንም ወሰድኩ። አላመመኝም። ለሲስተሯ ነግረሃት ነበር አይደል? ሻንጣዬን ሞልቻለሁ። ኪኒኑን፣ አዳፕተሩን፣ ሁሉንም ገዝቻለሁ። ዶላሩንም አሁን ቀየርኩ። የቀረ ነገር የለም፣ ሌሊሳ። መሮጥህን ተው። የቀረ ካለ እኔ እጨርሰዋለሁ።"

ረዳቱ ተጎንብሶ "ከኋላ ሂሳብ" አለ። ሄራን ብሩን ዘረጋችለት።

"የስንት ሰው ነው?"

"የሁለት" አለች።

ረዳቱ ወደ መስኮቱ አየት አደረገ፣ ብሩን ከሌላው ጋር አጥፎ ጣቶቹ መሃል ሰካና ወደ ፊት ዞረ።

መንገዱን በመስታወቱ ጥርት ያለ ቦታ በኩል ታየው ነበር። እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ እያንዳንዱን ደጃፍ፣ እዚህ ይሆን፣ እዚህ ይሆን እያለች አሳለፈችው። ያን ቀን ስትደውልለት ስልኩ የት የት ጋ ይጮህ እንደነበረ አሰበች። ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሲወርድ እሱ ብቻ ቀርቶ ይህን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ መዋሉን አሰበች። ዓይኗ ሞላ፤ አልጠረገችውም።

ወፍጮ ቤቱ ሲቃረብ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

"ወራጅ አለ።"

ድምጿ ደካማ ነበርና ሾፌሩ አልሰማም። ከፍ አድርጋ ደገመችው። "ሁለት ወራጅ አለ። ወፍጮ ቤቱ ጋ።"

ታክሲው ቆመ። ሄራን ተነስታ፣ ሰዉን ይቅርታ እያለች፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር እስከ በሩ ሄደችና ዝናቡ ውስጥ ወረደች። ረዳቱ በሩን ይዞ ቆመ። አልዘጋውም። የሚዘገይ ተሳፋሪ ሲወርድ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ወደ ውስጥ እያየ፣ ትንሽ ራሱን ወደ ጎን አድርጎ ቦታ ለቀቀ። ከዚያ "ሳበው" አለና በሩን ዘጋው። ታክሲው ሽቅብ ሄደ።

ያኔ ዞር አለች። አስፋልቱ ላይ የሚዘለው ዝናብ ብቻ ነበር። ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ቤቷ የሚወስደውን ኮረኮንች ይዛ ቀስ ብላ ተራመደች፤ አብሯት የሚሄድ ሰው ወደ ኋላ እንዳይቀርባት ያህል ቀስ ብላ።

ወይዘሮ ይርጋለም ፎጣ ይዘው ከሳሎኑ በር ጠበቋት።

"ከሰው ጋር ነበርሽ?"

"አይ። ለምን?"

"የግቢው በር ሁለቴ ሲከፈት ሰማሁ መሰለኝ" አሉና ፀጉሯን ማድረቅ ጀመሩ። ሄራን ራሷን ዝቅ አደረገችላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ቲኬት ቢሮው ደወለች። የአንድ ወንድ ድምፅ "ምክንያቱ ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቃት "ባለቤቴ ሞቷል" አለች። ከቀብሩ ወዲህ ለማያውቃት ሰው ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ አዲሱ ገበያ ወጥታ ለሳቢት ነገረችው። ሳቢት ዘንጉን ከእጁ ለቀቀው። "ኢና ሊላሂ" ብሎ ሻንጣ ላይ ተቀመጠ።

"እኔ ግን አይቼዋለሁ" አለ። "እንዲያው አበደ እንዳትዪኝ። እዚህ ጋ፣ አንቺ የቆምሽበት ነው የቆመው።"

"አላልኩህም" አለችው ሄራን።

ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ ሰው የለም። ሄራን በየሱቁ ለመጠየቅ ያህል ምክንያት እየፈለገች ገብታ ወጥታለች፤ የሚነግራት አላገኘችም። ሲመጣ ፈርታው ነበር። ሲቀር ደግሞ ሌላ ሞት ሆነባት፤ ሻንጣዋን ዘግታ ሰዓቱን ስትጠብቅ ለቅሶው እንደ አዲስ መጣባት፤ ወይዘሮ ይርጋለምም ዝም በይ ሳይሏት አብረዋት አለቀሱ።

ቦሌ ድረስ የሸኟት እሳቸው ናቸው። በነጭ ቀሚሳቸው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ፓስፖርት ያዝሽ ወይ፣ ቢጫ ካርዱን ያዝሽ ወይ ሲሉ ቆይተው ስትለያቸው ግንባሯን ሳሙት። "ባሕሩ ጋ ስትደርሺ ደውይልኝ" አሉ። "ያው ካርድ ይበላል ብለሽ እንዳትተዪ።"

ዛንዚባር በደረሰች ማግስት ጠዋት ደወለችላቸው። ጫማዋን አውልቃ እርጥብ አሸዋ ላይ ቆማለች። ሰማይና ውሃ የት ጋ እንደሚገናኙ ዓይኗ መለየት አልቻለም፤ ስፋቱ ሊያስደስታት ይገባ የነበረ መሰላት፤ ግን አስፈራት።

"ደረሽ?"

"ፊቴ ነው ያለው፣ እማዬ።"

"እስቲ አሰሚኝ።"

ስልኩን ወደ ውሃው ዘረጋችው። መልሳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው ወይዘሮ ይርጋለም ገና እያዳመጡ ነበር፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

"ይሄማ" አሉ ቆይተው፣ "የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው እኮ። ነፋስ ሲመታው እንደዚሁ ነው የሚለው። ልጄ በመስኮቱ ሲሰማው ያደገውን ፍለጋ ነው ያን ሁሉ የደከመው?"

ሄራን ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረባት።

"ውሃው ይቀዘቅዛል?"

"አላውቅም። አልነካሁትም።"

"ታዲያ ግቢ። እስከ ጉልበትሽ ድረስ ብቻ። ከዚያ እንዳታልፊ፣ አደራ።"

"እሺ" አለች። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ስልኩን በሌላው እጇ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መራመድ ጀመረች። ባሕሩ ግን ሌሊሳ ሰሌዳ ላይ እንደሳለው ወደ ኋላ የሚመለስበት ሰዓት ነበር፤ ወደ እሱ በሄደች ቁጥር ከፊቷ እየሸሸ ይሄዳል፣ ጉልበቷ ድረስ እስኪደርስላት ከባሕሩ ዳር ርቃ ብዙ መሄድ ነበረባት።